ከመግነዝ የተሰፋው ኮት

እንጅባራ፣ ጥር 12 ቀን 1954 ዓ.ም.

ለተከበሩ እኅቴ ለወይዘሮ እታለማሁ አድማሴ
ደብረ ማርቆስ

እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ደኅና ነኝ። ላሟም ደኅና ናት። ልጄ ክንዴም ፊቱን ከመቋጠር በቀር ደኅና ነው።

ይህን ደብዳቤ ማን ጻፈው ብለው አይጠይቁ። እኔ ነኝ፤ ታናሽ ወንድምዎ ቢሻው። አዎን፣ በገዛ እጄ! ጎረቤትዎ መሪጌታ ገብረ ማርያም ሲያነቡልዎ «ይህማ የተማረ ሰው እጅ ነው» ቢሉዎ እውነታቸውን ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ማታ ማታ እየሄድኩ ፊደል ቆጠርኩ። ሠላሳ አንድ ተማሪዎች ነን። በዕድሜ አንደኛ እኔ ነኝ። በዕውቀትም አንደኛ እኔ ነኝ። በመልክም እንወዳደር ብላቸው ሌሎቹ ፈቃደኛ አልሆኑም።

«እርስዎ» ማለቴ አይግረምዎ። መምህራችን፣ አየነው የሚባለው፣ ለታላቅ ሰው ሲጻፍ እንዲህ ነው ብሎ በጥቁር ሰሌዳ ላይ አሳይቶናል። ስድሳ ዓመት ሙሉ «አንቺ» ስልዎ የኖርኩት ባለመማሬ ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ከማርቆስ በሚመላለሰው ነጋዴ አፍ የላኩብኝ ጥያቄ ደርሶኛል። ጨርቁ ለመስቀል ሰሞን በደኅና ገብቷል። ከአንድ ጥጥ፣ በአንድ እንዝርት፣ ሁለት መግነዝ ፈትለው፣ አንዱን ለራስዎ አስቀምጠው አንዱን ለእኔ ሲልኩ፣ «እኔ ማርቆስ አንተ እንጅባራ ብንቀበርም በትንሣኤ ቀን አንድ ዓይነት ለብሰን እንነሣለን፤ እናታችንም ሳትቸገር ታውቀናለች» ማለትዎን ነጋዴው ነግሮኛል። ሲነግረኝ ላሟን ለማሰር ወጣ አልኩ። ላሟ ታስራ ነበር።

ጨርቁን በአባታችን ሣጥን ውስጥ ከሰሌኔ ጋር አኑሬዋለሁ። አይጥም አልነካውም፤ እኔም አልነካሁትም።

መሪጌታ ሆይ፣ ከዚህ በታች ያለው ጥቁር ነገር ፊደል አይደለም፤ ቀለም ነው የፈሰሰው። ለማንበብ አይድከሙ።

ታናሽ ወንድምዎ
ቢሻው አድማሴ (ጸሐፊ)


እንጅባራ፣ የካቲት 18 ቀን 1954 ዓ.ም.

ለተከበሩ እኅቴ ለወይዘሮ እታለማሁ

ጤናዎን ይስጥልኝ። የዓይንዎን ነገር ሰምቼ አዘንኩ። መርፌ ማስገባት አቃተኝ ያሉትን ግን በእርጅና አይቁጠሩት፤ የዛሬ መርፌ ቀዳዳው ጠቧል።

«በዚህ ዕድሜህ ፊደል ምን ያደርግልሃል?» ብለው ላስጻፉት ጥያቄ መልሴ ይህ ነው። ባለፈው ቅዳሜ አንድ የጭነት መኪና ገበያው ዳር ቆሞ ነበር። በጎኑ ላይ ትልልቅ ጽሕፈት አለ። ሰው ሁሉ ያልፋል። እኔ ቆሜ አነበብኩት፤ «መደገፍ ክልክል ነው» ይላል። ሦስት ሽማግሌዎች ተደግፈውት ነበር። አስነሣኋቸው። ይህ ጥቅም አይደለም?

ክንዴ ይቀየምሃል ወይ ላሉት፣ አዎን፣ ይቀየመኛል። «አባዬ፣ እንደ እኩዮችህ ሁን» ይለኛል። እኩዮቼን ደግሞ እርስዎ ያውቋቸዋል። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ፀሐይ ላይ ተደርድረው፣ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው ይቀመጣሉ። አንዱን ከአንዱ ለመለየት እስኪያስነጥስ መጠበቅ ያስፈልጋል። እንደነርሱ ሁን ማለት ገና ሳትሞት ሟች ምሰል ማለት ነው። ልጅ ሆኜ ጠጉሬን በቅቤ የሚያሳምሩልኝ፣ ለጥምቀት አዲስ እጀ ጠባብ ካልለበስኩ ከቤት አልወጣም ብዬ ሳለቅስ አባባን የሚያባብሉልኝ እርስዎ አልነበሩም? እንግዲህ ያ ልጅ የት ይሂድ? እዚሁ ነው ያለው፤ ጉልበቱ ብቻ ነው የሚያመው።

ትልቁ ወሬ ግን ይህ ነው። ግንቦት 5 ቀን የአውራጃው ገዢ ባለበት የምስክር ወረቀት ይሰጠናል። ከሠላሳ አንዳችን መካከል ተመርጦ በሕዝብ ፊት የሚያነበው አንድ ሰው ነው። ማን እንደሆነ ለመናገር ትሕትናዬ አይፈቅድልኝም። ስሙ በ«ቢ» ይጀምራል።

ጭንቀቱ ልብስ ነው። ያለችኝ አንዲት ጋቢ ላሟ ጫፏን አኝካታለች። ክንዴ «የታኘከውን ወደ ውስጥ አጥፈው» ይላል። እኔ በሕዝብ ፊት የማነብ ሰው የታኘከ ነገር አጥፌ ልቆም? ስለዚህ መምህር አየነው ለሒሳብ በሰጠን ባለ ካሬ ደብተር ላይ ኮት ነድፌአለሁ። ደረቱ ስምንት ካሬ፣ እጅጌው አሥራ አንድ። ለእርሳስ አንድ ኪስ፣ ለደብዳቤዎችዎ አንድ የውስጥ ኪስ። አየነው አይቶ «የሒሳቡስ?» አለኝ። «ይኸው፣ ደረቱና እጅጌው ሲደመር አሥራ ዘጠኝ» አልኩት።

መግነዙን ፀሐይ አሙቀው ላሉት፣ አሙቄዋለሁ። አጥሩ ላይ ዘርግቼ ተቀምጬ አየሁት። እኅቴ፣ ለምን እንደዚያ አሳምረው ፈተሉት? ለአፈር የሚሄድ ነገር እንዲህ መሆን ነበረበት?

ሌላ ወሬ የለም።

ቢሻው አድማሴ (አንባቢ)


እንጅባራ፣ መጋቢት 25 ቀን 1954 ዓ.ም.

ለተከበሩ፣ ለተወደዱ፣ እጅግ ለሚከበሩ እኅቴ

እንደምን ከርመዋል? ጾሙ እንዴት ይዞዎታል? እኔን ደኅና ይዞኛል። ላሟም ደኅና ናት። የላሟ ጥጃም ደኅና ነው። ጎረቤቶችም ደኅና ናቸው። አጥሩም ደኅና ነው።

በራስዎ መግነዝ ዳር መስቀል እንዳስጠለፉና በእኔም ላይ እንዲያስጠልፉ ጨርቁን ለነጋዴው እንድሰጥ ያዘዙት ደርሶኛል። ነጋዴውም ሁለት ጊዜ መጥቷል። ግን አየሁት፤ ቅቤ ነው የሚጭን። ነጭ ጨርቅ ከቅቤ ቅል ጋር? አይሆንም ብዬ መለስኩት። ሁለተኛ ሲመጣ ቅቤ አልጫነም፤ ግን ያን ዕለት የሣጥኑ መክፈቻ ጠፋብኝ። ቤቱን በሙሉ ፈለግሁ። የለም። ስለዚህ ትንሽ ይታገሡኝ።

እርስዎ የጠየቁኝ ስለ ጨርቁ ነው፤ እኔ ግን ስለ ቀርከሃ ልንገርዎ።

ከጓሮዬ የሦስት ዓመት ቀርከሃ ቆረጥኩ። ሁለት ሳምንት ጢስ ላይ ሰቅዬ አደረቅሁት። ከዚያ አንጓውን፣ ያን ወፍራሙን፣ እንደ ድንች ቀጭን አድርጌ ከተፍኩና የልብስ ቁልፍ ሠራሁበት። በአሸዋ አሸሁት፤ በቅቤ ወለወልኩት። (ለቁልፍ ነው እንጂ አልበላሁትም፤ መሪጌታ አይቆጡ።) የመጀመሪያዎቹ ሰባቱ ስበሳቸው ተሰነጠቁብኝ። ስምንተኛው ግን የማር ቀለም አውጥቶ ሲያብለጨልጭ፣ ብቻዬን ቁጭ ብዬ «ቢሻው፣ አንተስ ሰው ነህ» አልኩ። አሁን ስድስት አሉኝ። ይህን እጅ ስድሳ ስድስት ዓመት ለእርፍ ብቻ ማዋሌ ይቆጨኛል። ከስድስት ወር ወዲህ እንኳ ስንት ነገር እንደሚችል አየሁ፤ ፊደል ይጽፋል፣ ኮት ይነድፋል፣ ቁልፍ ይቀርጻል። ቀድሜ ብጠይቀው ኖሮ ምን ሊሠራልኝ ነበር?

ዳንግላ ደግሞ አንድ ጎበዝ ልብስ ሰፊ አለ፤ ዋጋዬ ይባላል። ይህን የምነግርዎ እንዲያው ለወሬ ነው።

አክባሪዎ፣ አፍቃሪዎ፣ ታዛዥዎ
ቢሻው


ደብረ ማርቆስ፣ ሚያዝያ 14 ቀን 1954 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለቢሻው አድማሴ

እንደምን አለህ? እኔ ለፈጣሪ ምስጋና ይድረሰውና አለሁ። ጸሐፊው መሪጌታ ገብረ ማርያም ናቸው፤ ቃሉ ግን የእኔ ነው። እሳቸው ሊያሳምሩት ሲፈልጉ እኔ አልፈቀድኩም።

የሣጥኑ መክፈቻ ጠፋ ብለሃል። ሣጥኑን አውቀዋለሁ። የአባባ ነው። መክፈቻ ኖሮት አያውቅም። አንተ ልጅ ሳለህ ዳቦ እየሰረቅህ የምታወጣው በዚህ ምክንያት ነበር።

ሌላ ነገር ልጠይቅህ። ነጋዴው ሲመለስ ዳንግላ ገበያ ላይ አንድ ሽማግሌ አየሁ ብሎኛል። ነጭ ኮት የለበሰ፣ ጠርዙ ጥቁር፣ ቁልፉ የቀርከሃ። በበቅሎ ተራ መካከል ወዲያ ወዲህ ይንጎራደዳል፤ ሰዉም መንገድ ለቆለት ያየዋል አለ። «እብድ ነው ወይ?» ብዬ ጠየቅሁት። «አይ እማማ፣ እብድስ አይደለም፤ ደስ ብሎት ነው» አለኝ። ይህን ሰውዬ ታውቀዋለህ?

ቢሻው፣ እኔ የምቀልድበት ጊዜ አልፏል። ያን ጥጥ የፈተልኩት ዓይኔ ሊደክም ሲል፣ ሳይጨልምብኝ ልጨርስ ብዬ ተሽቀዳድሜ ነው። ሦስት ዓመት ፈጅቶብኛል። እንደዚያ ያለ ሁለተኛ አይወጣኝም። ጨርቁ የት እንዳለ ንገረኝ። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ በአንድ ሳምንት ውስጥ ካልጻፍክልኝ በአውቶቡስ ተሳፍሬ እመጣለሁ። መንገዱ ቢገድለኝ በአንተ ነው።

እኅትህ እታለማሁ


እንጅባራ፣ ግንቦት 6 ቀን 1954 ዓ.ም.

እታለም፣

በአውቶቡስ አትምጪ። ሰውዬውን አውቀዋለሁ።

መሪጌታ፣ እባክዎ ቀስ ብለው ያንብቡላት፤ ከማንበብዎ በፊትም ትቀመጥ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በየካቲት፣ ጨርቁን ፀሐይ ባሞቅሁበት ቀን፣ ወደ ቤት አስገባሁትና አንድ ሐሳብ መጣብኝ። ሰው ልብስ ሲያሰፋ ይለካዋል አይደል? ይህንንስ ለምን አልለካውም? አልጋዬ ላይ ተጋደምኩ። ከእግሬ እስከ አናቴ ተጠቀለልኩበት። እጄን ደረቴ ላይ አደረግሁ። ለስላሳነቱ! ግን ምን ዋጋ አለው፣ አማረብኝ አላማረብኝ ማየት አልቻልኩም። እንዲህ ተጋድሜ ሳስብ ክንዴ ከእርሻ ገባ። አየኝ። «አባቴን!» ብሎ ጮኸ። ጎረቤት ተንጋጋ። አንዲት ሴትዮ ደረቷን እየመታች «ቢሻው ደጉ፣ ቢሻው ጨዋው» ስትል ሰማሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ተብዬ አላውቅም፤ ትንሽ ልስማ ብዬ ዝም አልኩ። ያ ነው ጥፋቱ። ስነሣ ሁለት ሰው ወደቀ።

ሰዉ ተቆጥቶ ሲሄድ፣ ጨርቁ ትከሻዬ ላይ እንዳለ የክንዴ ሚስት መስተዋት ፊት ደረስኩ። እታለም፣ ቆሜ አየሁት። ብርሃን ነው የሚመስለው። ከጨርቁ ሥር ያለው ሽማግሌ ቀና አለ። እናታችን እኔን ለማወቅ ለምን እስከ ትንሣኤ ትጠብቅ? ሰው ለምን ሲያምርበት አይታይም? ይህን ጨርቅ ሬሳዬ ሳይቀድመኝ ልልበሰው አልኩ።

ዋጋዬ እሺ አላለም። ጨርቁን ዳሰሰና እጁን ሰበሰበ።

«አባ፣ ይህ የመግነዝ ፈትል ነው። መቀስ አላስገባበትም።»

«የማን መግነዝ ነው?»

«የእርስዎ።»

«እንግዲያው ባለቤቱ ፊትህ ቆሟል። ስሞት ብትጠይቀኝ አልመልስልህም፤ አሁን ጠይቀኝ።»

«የፈተለችውስ ምን ትላለች?»

እታለም፣ የዋሸሁት እዚህ ነው። «ፈቅዳለች» አልኩት። አጥሩ ደኅና ነው እያልኩ የጻፍኩልሽ ሁሉ በዚህ ውሸት ምክንያት ነው።

ከበግ ጠጉር ባና ላይ ጥቁር ጠርዝ ቆርጦ አገባበት። ስድስቱን የቀርከሃ ቁልፍ ተከለበት። የተረፈውን ብጥስጣሽ አንዲት ክር ሳትቀር በከረጢት ሰብስቤ ያዝኩ። ከዚያ ራሴ ቁጭ ብዬ፣ በጥቁር ክር፣ ከኮሌታው ውስጥ በኩል ሁለት ቃል በመርፌ ጻፍኩ። አራት ቀን ፈጀብኝ። ምን እንደሆነ ኋላ እነግርሻለሁ።

ትናንት ቀኑ ደረሰ። ሕዝቡ የትምህርት ቤቱን ሜዳ ሞልቷል። የአውራጃው ገዢ ከነባርኔጣቸው ተቀምጠዋል። ክንዴ ከዛፍ ሥር፣ ማንም የእኔ ልጅ መሆኑን እንዳያውቅ ከሩቅ ቆሟል። ስሜ ተጠራ። ወጣሁ። ኮቱ ሲያልፍ ሰው ሲንሾካሾክ ይሰማኛል፤ እስከዚያ ድረስ ዓለም የእኔ ነበረች። ወረቀቱን ዘረጋሁ።

ፊደሉ ጠፋ። ሰባት ወር የለፋሁበት ፊደል በሙሉ ዝንብ ሆኖ ወረቀቱ ላይ ይሯሯጣል። አየነው ከኋላ «ቀስ፣ አባ ቢሻው፣ ቀስ» ይለኛል። አንድ ሰው ሳቀ። ገዢው «ምነው አባት? ማንበብ አልቻሉም?» አሉ። እውነትም አልቻልኩም። ወረቀቱን ላለማየት አንገቴን ስደፋ ኮሌታዬ ተገለበጠ። እነዚያን ሁለት ቃላት አየኋቸው። እነርሱ አልተንቀሳቀሱም። ጮክ ብዬ አነበብኩ፦

«እታለማሁ ፈተለችው።»

የሳቀው ሰው አንገቱን አሰገገ።

«ማናት እታለማሁ?» አሉ ገዢው።

«ታላቅ እኅቴ ናት፣ ጌታዬ።»

«ምኑን ነው የፈተለችው?»

«መግነዜን።»

«የት አለ?»

«ለብሼዋለሁ።»

ገዢው ባርኔጣቸውን አወለቁ። መጀመሪያ ለሐዘን መሰለኝ፤ ለካስ ዕንባቸውን ሊጠርጉበት ነው፤ ሲስቁ ትከሻቸው ይናጥ ነበር። ሕዝቡም አብሮ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነ አላውቅም፣ ፊደሎቹ ወደ ቦታቸው ተመለሱ፤ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች ሳልሳሳት አነበብኩት። እንዲያውም ሁለት ጊዜ። አየነው ነው ጎትቶ ያስቀመጠኝ።

ክንዴ ወደ ቤት ስንሄድ ከኋላዬ ይከተል ነበር። ወንዙን ስንሻገር የኮቴን ጫፍ በሁለት ጣቱ ይዞ ዳሰሰውና «አባዬ፣ ይህ ኪስ ትንሽ ከፍ ቢል ይሻል ነበር» አለኝ። ከዚህ በላይ ምን ልበልሽ?

እንግዲህ ሁሉንም አወቅሽ። በትንሣኤ ቀን አንድ ዓይነት ለብሰን እንድንነሣ የለፋሽበትን ሦስት ዓመት እኔ በመቀስ ቆርጫለሁ። ዓይንሽን የጨረሰውን። ኮቱን በማሰፋቴ አላዝንም፤ ብዋሽሽም አታምኚኝ። ሳልጠይቅሽ በማድረጌ ግን፣ አንቺንም መክፈቻ ጠፋ ብዬ በማታለሌ፣ ድንጋይ ተሸክሜ እግርሽ ላይ እወድቃለሁ። ድንጋዩን ትንሽ አድርጊልኝ፤ ጉልበቴን ታውቂዋለሽ።

ወንድምሽ ቢሻው


እንጅባራ፣ ሰኔ 12 ቀን 1954 ዓ.ም.

እታለም፣

ዛሬ ደብዳቤ ከላክሁልሽ ሠላሳ ስድስት ቀን ሆነኝ። አውቶቡስ በመጣ ቁጥር ወደ መንገዱ እወርዳለሁ። ሹፌሩ ከሩቅ ሲያየኝ በእጁ «የለም» ይለኛል።

ስደቢኝ። በመሪጌታ እጅ የሚሆን ስድብ ከጠፋሽ ባዶ ወረቀት ላኪ፤ እኔ አነበዋለሁ።

ኮቱን ሚስማር ላይ ሰቅዬዋለሁ። አልለብሰውም። በታኘከችው ጋቢ ነው የምሄደው። ክረምቱም ገብቷል፤ ዝናቡ ይህን ሰሞን መሬት አያስረግጥም። ባለፈው እሑድ ካህኑ በሌላ ሰው ስም ጠሩኝ። አልተቀየምኳቸውም። እስከ አፍንጫዬ ተሸፍኜ ነበር፤ አላስነጠስኩም።

ዋጋዬ ዘንድ ሄጄ «ፈትተህ እንደ ነበረ ልትመልሰው ትችላለህ?» አልኩት። «የተጋገረ ዳቦ አምጥተው ዱቄት አድርግልኝ ይበሉኛ!» ብሎ ሳቀብኝ። ብጥስጣሹ ግን እንዳለ አለ። አይጥ እንኳ አላስነካሁትም። አንድ ላይ ተሰፍቶ ቢያንስ ለእግሬ ይበቃ ይሆናል። ፊቴን እናታችን በአፍንጫዬ ታውቀዋለች።

ሌላ ቀልድ አልመጣልኝም። ከዚህም ላይ ነገሩ ምን ያህል እንደከበደኝ ዕወቂልኝ።

ቢሻው


ደብረ ማርቆስ፣ ሰኔ 29 ቀን 1954 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለቢሻው

እንደምን ሰነበትክ? የሰላምታውን ነገር መሪጌታ ረዘም አድርጌ ልጻፍ ብለው ነበር፤ ይቅር አልኳቸው፤ የምለው ብዙ ስለሆነ።

አንደኛ። «እርስዎ» ማለት በጀመርክ ቀን አንድ ነገር እንዳጠፋህ ወይም ልታጠፋ እንደሆነ ገብቶኝ ነበር። ልጅ ሆነህ ቅል ስትሰብርም እንዲሁ ነበር የምትለሰልሰው። ወደ «አንቺ» ስትመለስ ነው ልቤ ያረፈው፤ ከዚያ የሚቀጥለው ክፉ ወሬ ቢሆንም።

ሁለተኛ። ደብዳቤህ ሲነበብልኝ በአገውኛ የተናገርኩህ ነገር አለ። መሪጌታ አገውኛ አይሰሙም፤ «ምን አልሽ?» ሲሉኝ «መረቅሁት» አልኳቸው። እሳቸውም «አሜን» አሉ። አንተ ግን ምን እንዳልኩህ ታውቀዋለህ። ያ ስድብ በቂህ ነው፤ ሌላ አትጠብቅ።

ለምን ቆየሽ ብለሃል። አንዱን ሳምንት ተናድጄ ነው። ሁለተኛውን ሳምንት አልቅሼ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ደግሞ እንዲህ ነው። መሪጌታን «ያችን የሜዳውን ወሬ ድገሙልኝ» አልኳቸው። ደገሙልኝ። በነጋው እንደገና። ሰባት ጊዜ ሳይሆን አይቀርም። ቢሻው፣ ሰባ አራት ዓመቴ ነው። ሦስት ቤት ሙሉ ሰው ያለበስኩ ሴት ነኝ። ለባሌ ፈትያለሁ፣ ለልጆቼ ፈትያለሁ፣ ለቤተ ክርስቲያን መጋረጃ ፈትያለሁ። ማንም ልብሱን ገልብጦ ማን ፈተለው ብሎ ያነበበ የለም። ስሜን ቄስ ጮክ ብሎ የጠራው ስጠመቅ ነው፤ ቀጥሎ የሚጠራው ስቀበር ነው ብዬ ነበር። አንተ መካከል ላይ አስገባህልኝ።

ስለዚህ የራሴን ጨርቅ ከሣጥን አወጣሁ። ዓይኔን ጨፍኜ ክሩን በአውራ ጣቴ ዳሰስኩት። ጣቴ አወቀው። ዓይኔ ነው እንጂ የደከመው እጄ አልሰማም ነበር። ጥጥ አስገዛሁ፣ አስዳመጥኩ፣ እንዝርቴን አነሣሁ። ጨለማም ቢሆን ይሄዳል። ዓይኔ ከሌለ አይሆንም እያልኩ ዓመት ያህል እጄን ያለ ሥራ አስቀምጬው ኖርኩ። አንተስ ስድሳ ስድስት ዓመት አስቀመጥከው፤ እኔ እሻላለሁ።

አሁን ትእዛዜን ስማ።

ከብጥስጣሹ ክንድ የሚያህል ላክልኝ፤ የራሴን በየዕለቱ ከሣጥን እንዳላወጣ፣ በእርሱ የክሩን ውፍረት በጣቴ እያስተያየሁ እንድፈትል። አዲሱ ከእኔ ጋር ካልገጠመ በትንሣኤ ቀን እናታችን አንዱን የጎረቤት ልጅ ነው ትላለች።

የቀርከሃ ቁልፍ ስድስት ላክልኝ። ለቀሚሴ ነው። የማር ቀለም ያወጣውን እንጂ የተሰነጠቀውን እንዳትልክ፤ አላይም ብለህ እንዳታታልለኝ፤ እዳስሳለሁ።

ኪሱን ክንዴ እንዳለው ከፍ አስደርገው። ልጁ ልክ ነው።

ኮቱንም አሁኑኑ ከሚስማሩ አውርደህ ልበስ! ጥጥ የፈተልኩት ለሚስማር አይደለም። ዝናብ ሲሆን በላዩ ገሳ ድረብበት፤ ካህኑ ግን በስምህ እስኪጠሩህ ድረስ አንገትህን እንዳትሸፍን።

ስለ መግነዝህ ደግሞ አትጨነቅ። ይደርስልሃል። ግን ቀስ ብዬ ነው የምፈትለው። ያን ጊዜ ዓይኔ ሳይጨልም ልጨርስ ብዬ ተሽቀዳደምኩ፤ አሁን ግን የሚያስቸኩለኝ የለም። በቀን አንዲት እንዝርት ብቻ። ሲዘንብ አልፈትልም። ሲበራም እንግዳ ካለ አልፈትልም። መሪጌታ «በዚህ አያያዝሽ ስንት ዓመት ይፈጅብሻል?» አሉኝ። «እኔ እንጃ፤ እስክጨርስ ድረስ ግን መሞት አይፈቀድለትም ብለው ይጻፉልኝ» አልኳቸው። ይኸው ጻፉልህ።

እኅትህ እታለማሁ አድማሴ

የጸሐፊው ማስታወሻ፦ አቶ ቢሻው ሆይ፣ መግነዝን መቅደድ ደግ ሥራ አለመሆኑን ቀደም ብዬ ልጽፍልዎ አስቤ ነበር፤ ወይዘሮ እታለማሁ ከለከሉኝ። ስድስቱን ቁልፍ ሲልኩ ሰባተኛ ቢጨምሩ፣ የእኔም ካባ አንገቱ ላይ አንድ ይጎድለዋል። ደግሞም ይህን እሳቸው ሳይሰሙ ነው የምጽፈው፦ ትናንት የፈተሉትን ልቃቂት «ወፈረብኝ» ብለው ዛሬ ጧት ሲበጣጥሱት አይቻለሁ። አንሥቼ ዳሰስኩት። ክሩ አልወፈረም።